«ኢንተርኔት የሚባል ሰው የለም»፦ ዊኪፔዲያን ማን ይጽፈዋል? ለጅማስ ምን ይጠቅማል?

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር የቤት ሥራ ተሰጥቷት ስልኳን ይዛ ሳሎን ተቀመጠች። አጎቴም ከጎኗ በርጩማው ላይ አረፍ ብለዋል። ጮክ ብላ አነበበች። «አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ።»

«ተሳስተሻል» አሏት። «በ1932 ጅማ ጣሊያን ነበረባት። እሳቸው ያኔ በሕይወት የሉም። ማነው እንዲህ ያለው?»

«ኢንተርኔት ነዋ፣ አባባ።»

«ኢንተርኔት የሚባል ሰው የለም። የጻፈውን ነው የምጠይቅሽ።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ገጹ የተጠቀመው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው። እሷ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ዘላ አነበበች። አጎቴ ደግሞ በጭንቅላታቸው የያዙት የእኛን ነው። ግን ጥያቄያቸው ከዓመተ ምሕረቱ ይበልጣል። ልጅቷ የከፈተችው ዊኪፔዲያን ነበር። «ማን ጻፈው?» ለሚለው ደግሞ እዚያው ገጹ ላይ መልስ አለ። ችግሩ አብዛኞቻችን የት እንደሚታይ አናውቅም።

ቶሎ ቶሎ ቤት

ብዙ ሰው ዊኪፔዲያን አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ምሁራን የሚያዘጋጁት ይመስለዋል። አይደለም። ገጾቹን የሚጽፉት በመላው ዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የሚባል በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ትርፍ የማይሠራ ድርጅት አለ። የእሱ ሥራ በዋናነት ኮምፒውተሮቹን ማስተዳደርና ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ጽሑፉን አይጽፍም። ማስታወቂያ የለውም፣ የሚኖረው በመዋጮ ነው።

አጀማመሩም ደስ ይላል። በ2000 እ.ኤ.አ. ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ኑፔዲያ የሚባል መዝገበ ዕውቀት ጀመሩ። ደንቡ ጥብቅ ነበር። ጸሐፊው ባለሙያ ይሆናል፣ ጽሑፉም በሰባት ደረጃ ይመረመራል። ዓመት ሙሉ ተደክሞ ያለቀው ጽሑፍ እፍኝ አይሞላም። ለረዳትነት ያህል «ማንም ይጻፍበት» ብለው ሌላ ገጽ ከጎኑ ከፈቱ። ጥር 15 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ያ ረዳት ዋናውን ዋጠው። ዊኪፔዲያ ማለት እሱ ነው።

«ዊኪ» የሚለው ቃል የመጣው ከሃዋይ ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. ማንም ሊያርመው የሚችል ድረ ገጽ ሠራ። ስም ሲፈልግ በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የምታመላልሰው «ዊኪ ዊኪ» የምትባል አውቶቡስ ትዝ አለችው። ትርጉሙ «ቶሎ ቶሎ» ነው።

እኛ ደግሞ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እንላለን። ታዲያ ማንም እየመጣ የሚመርግበት ቤት ለምን አልፈረሰም?

ስርዝ ድልዙ የማይጠፋ መዝገብ

የእድር ጸሐፊ የነበረ ሰው ይህን በቀላሉ ይገባዋል። የእድር ቃለ ጉባኤ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። አንድ መስመር ተፍቆ ከተገኘ ጠብ ነው። ዊኪፔዲያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁሉ ነገሩ ስርዝ ድልዝ ነው። ግን አንድም ስርዝ አይጠፋም። እያንዳንዱ ለውጥ፣ ነጠላ ሰረዝ ብትሆን እንኳ፣ ከለዋጩ መለያ ስም፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይመዘገባል። የዛሬ አሥር ዓመት ገጹ ምን ይል እንደነበር ዛሬ ከፍቶ ማየት ይቻላል። አንዱ መጥቶ ቢያበላሽ ሌላው የቀድሞውን ባንድ ንክኪ ይመልሰዋል። ማበላሸት የሚፈጀው ጊዜ ከማስተካከል ይበልጣል። ቤቱ ያልፈረሰው በዚህ ነው።

ከገጹ አናት ላይ «ታሪክ» የሚለውን ስትጫኑ ይህ መዝገብ ይከፈታል። ስልክ ላይ ትንሽ መፈለግ ይጠይቃል። «ውይይት» የሚል ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። እዚያ ላይ ጸሐፊዎቹ ይከራከራሉ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ውይይቱ ይጥመኛል። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ክርክር ነው የሚመስለው። አንዱ ማስረጃ ያመጣል፣ ሌላው «የመጽሐፉ ገጽ ስንት ነው?» ይለዋል። የሚበሻሸቁም አሉ።

እንግዲህ አጎቴ «ማን ጻፈው?» ሲሉ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ነው ያለው። ግን መለያ ስሙ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። አብዛኛው ሰው በቅጽል ስም ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ዊኪፔዲያ ክብደቱን የጣለው በሌላ ነገር ላይ ነው። «አንተ ማነህ?» አይልም። «ከየት አመጣኸው?» ነው የሚለው። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የምታዩአቸው ትንንሽ ቁጥሮች የዚያ ጥያቄ መልሶች ናቸው። ቁጥሯን ስትነኩ መጽሐፉ ወይም ጋዜጣው ይወጣል። ቁጥር የሌለው አረፍተ ነገር ምስክር ያልቀረበበት ክስ ነው።

ይህ አሠራር ሁልጊዜ ይሠራል ወይ? አይሠራም። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር ፍጹም ሐሰት የሆነ ነገር ጻፈ። በኬኔዲ ግድያ ይጠረጠር ነበር አለ። ወሬው ከአራት ወር በላይ ማንም ሳያየው ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን ከዊኪፔዲያና ከታዋቂው መዝገበ ዕውቀት ከብሪታኒካ ወስዶ ለባለሙያዎች አስመረመረ። በአማካይ ዊኪፔዲያ ላይ ወደ አራት፣ ብሪታኒካ ላይ ወደ ሦስት ስህተት በየርዕሱ ተገኘ። ብሪታኒካ ተቆጥቶ መልስ ጽፏል።

ሁለቱን ስታስተያዩ ነገሩ ይገለጣል። ብዙ ዓይን የሚያርፍበት ገጽ ጥሩ ነው። ዓይን የማያርፍበት ገጽ ላይ ግን ውሸት ድንኳን ጥሎ ይኖራል። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። አማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው፣ ብዙዎቹም አጫጭር ናቸው። (በነገራችን ላይ የአማርኛው ገጽ ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ ነው የሚጽፈው።) የአፋን ኦሮሞው ከአማርኛውም ያንሳል። የሚናገረው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ «ዊኪፔዲያ ይታመናል ወይ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ አይሆንም። የትኛው ቋንቋ? የትኛው ገጽ? መባል አለበት።

ቡና የማን ናት?

ከደንቦቹ ሁሉ ለማስረዳት የሚከብደው ገለልተኝነት ነው። ለጅማ ሰው ግን ምሳሌው ደጁ ላይ ነው።

አጋሮ አካባቢ ጎማ ወረዳ ብትሄዱ የቡና መገኛ ጮጬ ነው ይሏችኋል። ቦንጋ ብትሄዱ ደግሞ ከፋ ነው ይሏችኋል፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ይህን ክርክር አንድ ሰው ከጀመረው መናኸሪያ እስኪደረስ አያልቅም። መዝገበ ዕውቀቱ ታዲያ ምን ብሎ ይጻፍ?

ጀማሪ ጸሐፊ የራሱን ወገን ይጽፋል። «ቡና በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው ጮጬ ነው።» ነጥብ። በማግስቱ የቦንጋው መጥቶ ያጠፋዋል። የጮጬው ይመልሰዋል። ይህ የታወቀ ጠብ ነው፣ ከበዛ ገጹ ለጊዜው ይቆለፋል።

ልምድ ያለው ጸሐፊ ግን ነገሩን ይለያየዋል። የአረቢካ ቡና የዱር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ይህ የሳይንስ ጉዳይ ነው፣ ምንጭ ጠቅሶ በቀጥታ ይጽፈዋል። ጮጬም ከፋም በዚያው ቀጣና ውስጥ ናቸው። ከዚያ ወደ ትውፊቱ ይሄዳል። «በጎማ እንዲህ ይባላል፣ በከፋ ደግሞ እንዲህ ይባላል» ብሎ ባለቤቱን ጠርቶ ያስቀምጣል። የፍየል ጠባቂውንም ታሪክ ያነሳል። በታተመ ጽሑፍ ቀድሞ የታየው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ፣ ፋውስቱስ ናይሮን በሚባል ሊቅ እጅ ነው። እዚያ ላይ ካልዲ የሚል ስም የለም፣ ስሙ ኋላ የመጣ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ገለልተኝነት ማለት እንግዲህ ዝም ማለት ወይም መሀል ሰፋሪ መሆን አይደለም። ማን ምን እንዳለ ለይቶ መጻፍ ነው። ጮጬ ተወልዶ ስለ ቦንጋ በትክክል መጻፍ የቻለ ሰው ሥራውን አውቆታል።

ያልታተመ አይገባም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስለ ዊኪፔዲያ ሲወራ «ኔትወርክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ ችግር ነው። ለጅማ ግን ትልቁ ማነቆ እሱ አይመስለኝም። ትልቁ ማነቆ እኛ የምናውቀው ነገር በብዛት አለመታተሙ ነው።

አጎቴ ስለ ሂርማታ ገበያ ብዙ ያውቃሉ። ሐሙስ ሐሙስ ከየት ከየት ሰው ይመጣ እንደነበር፣ በቅሎዎቹ የት ይታሰሩ እንደነበር። ይህን ልጻፍ ብዬ ዊኪፔዲያ ላይ ባስገባው ይሰረዛል። ውሸት ነው ተብሎ አይደለም። ሌላ ሰው ከፍቶ ሊያጣራው የሚችል ምንጭ ስለሌለው ነው። «አጎቴ ነገሩኝ» ምንጭ አይሆንም። መዝገበ ዕውቀት አዲስ ነገር የሚገለጥበት ቦታ አይደለም፣ ሌላ ቦታ የታተመውን ሰብስቦ የሚያቀርብ ነው።

ይህ ደንብ ፍትሐዊ ነው? እኔን ያናድደኛል። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ኸርበርት ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጅማ መጥቶ ሽማግሌዎችን እያነጋገረ ስለ አባ ጅፋር መንግሥት አጠና። ጥናቱ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዛሬ ስለ ጅማ መንግሥት የሚጽፍ ሰው እሱን ይጠቅሳል። የሽማግሌዎቹ ቃል ያኔ ሳሎን ውስጥ ብቻ ሲነገር ምንጭ አልነበረም። መጽሐፍ ሲሆን ምንጭ ሆነ። ቃሉ ያው ቃል ነው።

በሌላ በኩል ደንቡን ካነሣነው ምን ይሆናል? እያንዳንዱ የራሱን አያት ምስክር አድርጎ ይመጣል። የጮጬና የቦንጋ ነገር በየገጹ ይሆናል። ስለዚህ እየተናደድኩም ቢሆን ደንቡን እደግፋለሁ።

መፍትሔው ግን ዊኪፔዲያ ላይ አይደለም፣ ከእሱ በፊት ባለው ደረጃ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ። መልኮ ላይ የቡና ምርምር የሚደረግበት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የጅማ ሙዚየም አለ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። በእነዚህ ዙሪያ የታተመ ጥናት ትንሽ አይደለም፤ የሚነበበው ግን በእንግሊዝኛና በመደርደሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን አውጥቶ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማስገባት ይቻላል። የሽማግሌዎቹን ቃል ደግሞ የታሪክ ተማሪ ቀድቶ፣ አጣርቶ፣ በመጽሔት ሲያወጣው መንገዱ ይከፈታል።

አንድ ማሳሰቢያ። ምንጭ ይዞ መገኘት ብቻ አይበቃም፣ ርዕሱም ራሱን የቻለ ገጽ የሚገባው መሆን አለበት። የሰፈራችሁን እድር ወይም ያጎታችሁን ሆቴል ብትጽፉ ይሰረዛል። ሌሎች፣ ባለጉዳዩ ያልሆኑ ሰዎች፣ በቂ አድርገው የጻፉበት ነገር ነው የሚፈለገው። ስለ ራስና ስለ ዘመድ መጻፍም አይመከርም። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው መከፈሉን የመግለጽ ግዴታ አለበት። «ብር ስጡኝና የዊኪፔዲያ ገጽ ላውጣላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ። ገጹ ነገ ቢሰረዝ ብሩ አይመለስም።

ሁለቱ 1999

ምንጭ ቢኖርም እጅ የሚይዝ ነገር አለ። የጅማን ገጽ ስትጽፉ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይገጥማችኋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተው በ1999 ነው። የከተማዋ ሕዝብ 120,960 ሆኖ የተቆጠረውም በ1999 ነው። ተማሪው ሁለቱን አንድ ዓመት ያደርጋቸዋል። አይደሉም። የመጀመሪያው 1999 የፈረንጆች ነው፣ በእኛ 1992። ሁለተኛው የእኛ ነው፣ በፈረንጆች 2007። በመሀከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ከቁጥሩ ጎን «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» አለመጻፍ ትንሽ ስንፍና ይመስላል፣ መዘዙ ግን ይህን ያህል ነው።

ስለ ሕዝቡ ቁጥርም አንድ ነገር። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። «የጅማ ሕዝብ 120,960 ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። «በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 120,960 ነበር» ከተባለ ልክ ነው። ብዙ የዊኪፔዲያ ስህተት እንዲህ ያለ ነው። ውሸት ሳይሆን ያረጀ እውነት።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። «ጅማ» እና «ጂማ»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»። ሰው በአንዱ ፈልጎ ሲያጣ «የለም» ብሎ አዲስ ገጽ ይከፍታል። ከዚያ ስለ አንድ ነገር ሁለት ጎዶሎ ገጽ ይኖራል። ከመጻፋችሁ በፊት በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ። አንዱን አጻጻፍ የጻፈ አንባቢ ወደ ሌላው ገጽ እንዲመራ ማድረግም ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ቋንቋውን ሳይችሉ ወይም በማሽን ተርጉሞ መለጠፍ ነው። የስኮትላንድ ሰዎች የራሳቸው ስኮትስ የሚባል ቋንቋ አላቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ብዛት ያላቸው የስኮትስ ዊኪፔዲያ ገጾች ቋንቋውን በማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት የተጻፉ መሆናቸው ታወቀ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፣ የረዳ መስሎት ለዓመታት ደክሟል። ቋንቋው ግን መሳቂያ ሆነ። ዛሬ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ከሚማሩባቸው ጽሑፎች አንዱ ዊኪፔዲያ ነው። በትንሽ ቋንቋ የተለጠፈ ጉድፍ ወደ እነሱ ይገባል፣ እነሱ ደግሞ ለልጆቻችን ያንኑ ይመልሱላቸዋል። ማሽኑ ይርዳችሁ፣ ግን ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ «እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው አለ?» ሳትሉ አታስቀምጡት።

ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰፈር

አጠቃቀሙን በአጭሩ። መምህራን «ዊኪፔዲያን አትጥቀሱ» ይላሉ፣ ልክ ናቸው። መዝገበ ዕውቀት ራሱ ምንጭ አይደለም፣ ወደ ምንጭ የሚወስድ መንገድ ነው። ታች ያለውን ዝርዝር ተከትሎ መጽሐፉ ጋ መድረስ ነው ሥራው።

ይዘቱ ነጻ ፈቃድ አለው። መምህሩ አትሞ ለክፍሉ ቢያድለው ማንንም አያስፈቅድም፤ ምንጩን መጥቀስና ለውጦ ካሳተመም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህ ነጻነት ወደ ውስጥ ግን አይሠራም። ከሰው መጽሐፍ ገልብጦ ዊኪፔዲያ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው። በራስ ቃል ይጻፋል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ። ዊኪፔዲያን በሙሉ ወይም በከፊል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ በጣም ከባድ ነው። አማርኛው ግን ትንሽ ስለሆነ ተራ ስልክ ይችለዋል። ማነሳችን ለአንድ ነገር ጠቀመን ማለት ነው። አንድ ሰው ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ለክፍል ጓደኞቹ ማካፈል ይችላል።

መጻፍ የሚፈራ ሰው ፎቶ ያንሳ። ራሳችሁ ያነሳችሁትን የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ የአዌቱን ወንዝ፣ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የጋራ ማኅደር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ፎቶ በሁሉም ቋንቋ ገጾች ያገለግላል። ፌስቡክ ላይ ያገኛችሁትን የሰው ፎቶ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የእህቴን ልጅ ያንኑ ቀን ማታ «ታሪክ» የሚለውን አስከፍቼ አሳየኋት። ለአጎቴም ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ ማን መቼ ምን እንደቀየረ። ከዚያ ታች ያለውን የመጽሐፍ ዝርዝር። «መጽሐፉ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይኖራል?» አሉ። አላወቅንም፣ ሄዳ ልትጠይቅ ነው። ቀጥለው ስለ ሂርማታ ማውራት ጀመሩ። ስልኳን አጠገባቸው አስቀምጣ ድምፃቸውን ቀዳችው። አርባ ደቂቃ ሆነ። ፋይሉን «አባባ ሐሙስ ገበያ» ብላ ሰየመችው። የትም አልታተመም፣ ስለዚህ ለጊዜው ስልኳ ላይ ነው።